ለእነ ብርቱካን ቤት የሚሆን ሌንስ

ሽማግሌዎቹ ከአቶ ተክለማርያም ቤት ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ሦስት ወር ሊሞላ ነው፤ አምሐ ግን ቀኗን የትናንት ያህል ያስታውሳታል። ጥር ማለቂያ ላይ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሄዱ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆዩ ተመለሱ። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ መኳንንት ነበሩ፤ አምሐን ካሜራ መያዝ ያስተማሩት ሰው። ምን አሉ ብሎ ቢጠይቃቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡና የተባሉትን ቃል በቃል ነገሩት።

«‹ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደግሞ ልጄን ይጠይቀኛል?› ነው ያሉት» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ አጠና ተራን አለፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ አቶ ተክለማርያም ሃያ ዓመት በእንጨት ንግድ ለፍተው ያሠሩት ባለ አራት ክፍል ቤት ነበራቸው። የሚኖሩበት ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ያከራዩት ነበር። ስልሳ ሰባት ላይ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲመጣ ቤቱ በአንድ ጀንበር የቀበሌ ሆነ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ አቶ ተክለማርያም በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም፤ ፊሊጶስን ለመሳለም እንኳ በጓሮ ዞረው ነው የሚሄዱት። ቀበሌው ታዲያ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ከጀርባው ካለችው ጠባብ ክፍል ጋር ለአምሐ አከራየው። አምሐ ሆዬ የማን ነበር ብሎ አልጠየቀም፤ ያን ጊዜ ማን ይጠይቃል? ግድግዳውን ቀባ፣ ጠባቧን ክፍል ጨለማ ክፍል አደረጋት፣ ፎቶ ቤቱን ከፈተ።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ልትነሣ መጣች። ፍላሹ ሲበራ ዓይኗን ጨፈነች። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም ጨፈነች። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይኗን በደንብ ገልጣ አየችው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሱ ካሜራውን መጫን ረሳ። ብርቱካን ትባላለች፤ የአቶ ተክለማርያም ሁለተኛ ልጅ። ለካ የመጣችው የአባቷን ቤት ከውስጥ ልታየው ኖሯል። ይህን የነገረችው ከዓመት በኋላ ነው፤ መዋደዳቸው ሥር ከሰደደ፣ መላቀቅ ከማይቻልበት ከደረሰ በኋላ።

እንግዲህ የታላቅ እህቷ የዘመነች ሠርግ ለሚያዝያ መጨረሻ እሑድ ተቆረጠ። ፎቶ አንሺ መያዝ የወንዱ ወገን ፈንታ ነው። ሙሽራው ወንድይፍራው የሎሚ ሜዳ ልጅ ስለሆነ የዚህን ቤት ጣጣ አያውቅም፤ ሰው ሲያመሰግነው የሰማውን ፎቶ አንሺ ፈልጎ መጣና አምሐን ያዘ። አምሐም አልችልም ማለት ሲገባው እሺ አለ። እሺ ያለው ብርቱካን ያለችበት ሠርግ ስለሆነ ነው፤ ምን እንደሚጠበቅበት ደግሞ ረቡዕ ዕለት ከእሷ የደረሰችው ደብዳቤ ትናገራለች። ሁለቱ የሚጻጻፉት በፎቶ ፖስታ ነበር፤ ፎቶ ልትቀበል የመጣች መስላ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ትሄዳለች።

«አምሐዬ፣ እሑድ አባባ ፊት መቆምህ አይቀርም» ይላል ደብዳቤው። «ቀርበህ እጅ ንሣቸው። ዐይተውህ እኮ አያውቁም፤ የሚጠሉት ስምህን ብቻ ነው። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሐሙስ የዚያ የሚፈልገኝ የመርካቶ ነጋዴ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባባ አንዴ እሺ ካሉ ቃላቸውን አያጥፉም። እኔም አባባን በሰው ፊት አላሳፍርም። ከእሑድ ሌላ ቀን የለንም።»

ደብዳቤዋን ስንት ጊዜ እንዳነበባት እሱ ራሱ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቱን ቀደም ብሎ ዘጋና ያሉትን ሦስት ሌንሶች ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። አንዱ ከሩሲያ ካሜራው ጋር አብሮ የመጣው ነው፤ የሰው ዓይን እንደሚያየው ያያል፣ አያጋንንም አያሳንስም። ሁለተኛው ረጅሙ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ከተመለሰ ልጅ የገዛው። ሃያ እርምጃ ርቀህ ቆመህ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት ታይበታለህ፤ ማንም አያይህም፣ ለማንም እንቅፋት አትሆንም። ሦስተኛው ሰፊው ነው፤ አጭርና ድንቡሽቡሽ ያለ፣ የጋሽ መኳንንት ስጦታ። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፈህ ሠርገኛውን በሙሉ ያስገባልሃል። ጣጣው ግን አንድን ሰው ብቻውን ጎላ አድርገህ ላንሣ ካልክ አፍንጫው ሥር መድረስ አለብህ። ዳር የቆመውንም ይለጥጠዋል፤ አምና የአንዲት ወይዘሮ ክንድ ወፍሮ ወጣ ተብሎ ትልቅ ጠብ ተነሥቶበታል።

ጋሽ መኳንንት ለነገ የሚያውሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ሲገቡ አምሐ ረጅሙን ሌንስ ካሜራው ላይ እየጠመዘዘ ደረሱበት። ቆመው አዩት። ለሠርግ በሰፊው እንዲያነሣ ስንት ዓመት እንዳስተማሩት አስታወሱት። ረጅሙ ለወፍና ለሰላይ ነው አሉት፤ ሰላይ የምትለዋን ወደ መንገዱ አየት አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሠርግ ቤት ገብቶ እጅጌው ላይ ጠላ ያልፈሰሰበት ፎቶ አንሺ አልቀረበም ማለት ነው አሉ። አምሐ ሰበብ ደረደረ። ያለው ፊልም ሁለት ጥቅል ብቻ ነው፣ በሰፊው ቢያነሣ ዳር ያሉት ይለጠጣሉ፣ ድንኳኑ ጠባብ ነው፣ ሰው ይገፋል።

«ልጄ» አሉት ጋሽ መኳንንት፣ «ሌንስ ነው የምትመርጠው ወይስ መደበቂያ?»

አምሐ ሦስቱንም ቦርሳ ውስጥ ከተታቸው፤ ካሜራው ላይ ግን ረጅሙን እንደጠመዘዘው ተወው። ፈርቶ ነበር፤ እውነቱ ይሄው ነው።

በማግስቱ የአቶ ተክለማርያም ግቢ በሠርገኛ ጢም ብሎ ሞላ። ድንኳኑ የተተከለው በቀበሌ ፈቃድ ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ተጋብዞ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ልጃገረዶቹ በር ዘግተው ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ሲያንገላቱ፣ ሚዜዎቹ ሲለማመጡ፣ አምሐ ከጽድ አጥሩ ጋር ተጣብቆ፣ ከሰዉ ሁሉ ርቆ ያነሣ ነበር። ሥራውስ አልከፋም። ደጋግሞ ግን ሌንሱ ወደ ብርቱካን ይዞርበታል። የእህቷ ሚዜ ናት፤ ጠጅ ሳር የመሰለ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛዋለች። በሌንሱ ውስጥ አጠገቡ መጣች፤ የግንባሯን ወዝ፣ የከንፈሯን ዳር አየ። እጁን ቢዘረጋ የሚያገኘው ጽዱን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው።

ድንገት ቀና ብላ በቀጥታ ወደ ሌንሱ አየች። አልሳቀችም። አይታ አይታ ፊቷን መለሰች፤ አምሐ ጣቱ መጫኛው ላይ እንዳለ ቀረ።

ሌንሱን ወደ ሌላ ለማዞር ብሎ አባቷ ላይ አሳረፈው። አቶ ተክለማርያም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። እንግዳ እየተነሣ እጅ ይነሣቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋጋነሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ እያሉ አንዳንድ ቃል ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው አቶ ተክለማርያም የመጣውን ሰው በስሙ የሚጠሩት። አምሐ መጀመሪያ ገረመው፣ ቆይቶ ገባው። የአቶ ተክለማርያም የሁለቱም ዓይኖች ብሌን ነጣ ብሏል፤ ሞራ ጋርዷቸዋል። ኩሩ ሰው ናቸውና ለማንም አልተናገሩም፤ ሚስትየው በየስሙ እየመሯቸው ነው። አምሐ ሳያነሣቸው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። በሰውየው ላይ የነበረው ቂም በምን እንደቀለለ አላወቀም፤ ብቻ አዘነላቸው።

ምሳ ቀርቦ ሰዉ ሲበላ ብርቱካን አንድ ሳህን ይዛ ወደ አጥሩ መጣች። ለሠራተኛ ምግብ ማድረስ ነውር የለበትም፤ ማንም ልብ አላላትም። ሳህኑን ሰጠችው።

«አንተ፣ እዚህ አጥር ሥር ምን ተቀብሮልሃል?» አለችው።

ሥራ ላይ ነኝ አላት። እኔን ነው የምታነሣው፣ ጧት ጀምሮ ዐውቄሃለሁ አለችው። አባባ ዘንድ ሄዶ እጅ እንዲነሣ ጽፋለት ሳለ ለምን እንደራቀ ጠየቀችው። አምሐ ያሰበውን ነገራት። ስሙን ከሰሙ በሠርገኛው ፊት ያስወጡታል፤ የዘመነች ቀን ይበላሻል፤ ነገሩም ከነጭራሹ ያልቅለታል። ብርቱካን አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ሲጨርስ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቶ ነበር፤ እንዳይወርድ ግን ታግላ ያዘችው።

«እኔ እኮ መባረርህን አልፈራም» አለች። «ሳትባረር መሄድህን ነው የምፈራው። ጨክነህ ከሆነ ንገረኝ፤ ሐሙስን ተቀብዬው ልደር።»

ይህን ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደ እህቷ ተመለሰች። አምሐ የያዘውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠ። አንዲት ጉርሻ አልበላም። ሁለት ዓመት የወደደችው ልጅ እሱን ፈሪ ብላ እንባዋን ስትታገል ከማየት አባቷ በከዘራ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ወዲያው ሙሽሮቹ ሊመረቁ ነው፣ ፎቶ አንሺው ይምጣ የሚል ጥሪ ተሰማ። ሙሽራዋ ከአባት ቤት ከመውጣቷ በፊት የእናት አባቷን ጉልበት ስማ ትመረቃለች፤ ከሠርግ ፎቶ ሁሉ ቤተሰብ የሚፈልገው ይህንን ነው። ምርቃቱ የሚሆነው ደግሞ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ጠባብና ጨለም ያለ ሳሎን፣ ከበር እስከ ወንበሩ አምስት እርምጃ እንኳ አይሞላም። በረጅሙ ሌንስ ቢያነሣ የሚያገኘው የአባትየውን ጉልበት ብቻ ነው። አምሐ ቦርሳውን ከፈተ። ረጅሙን ሌንስ ፈትቶ፣ ሰፊውን መጠምዘዝ ጀመረ። ጥርሱ አልገጥም አለው፤ ፈታው፣ እንደገና ጠመዘዘው። ሲገጥምለት ላቡን በጋሽ መኳንንት ኮት እጅጌ ጠርጎ በሰዉ መሀል እየተሹለከለከ ገባ።

አቶ ተክለማርያም ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ዋጋነሽ ከጎናቸው። ዘመነችና ወንድይፍራው ተንበረከኩ። አምሐ ቆሞ ቢያነሣ የሙሽራዋ ፊት አይታይም። ስለዚህ ወደፊት ሄደ፣ ሄደና እሱም ከሙሽሮቹ ጎን ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ከአቶ ተክለማርያም ጉልበት አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። አባት የልጃቸውን ራስ ይዘው ድምፃቸው እየተቆራረጠ መረቁ፤ ዘመነች አለቀሰች፤ አምሐ አነሣ። ሙሽሮቹ ተነሥተው ወደ እናትየው ዞሩ።

አሁን ተራው የአንደኛ ሚዜው ነበር። ሚዜው ግን መኪኖቹን ሊያሰልፍ ወጥቶ ኖሮ ሰዉ አላሳልፍ ብሎት በር ላይ ቀርቷል። አምሐ እንደተንበረከከ ለቀጣዩ ፎቶ ፊልሙን ያዞራል። አቶ ተክለማርያም ፊታቸው የተንበረከከ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ታያቸው። ሌላ ማን ሊሆን ነው? እጃቸውን ዘረጉ፤ ዳበስ ዳበስ አድርገው የአምሐን ራስ አገኙ።

«ተባረክ ልጄ» አሉ። «ሰውን ያጀብክ፣ አንተም አጃቢ አትጣ። ለአንተም ያድርግልህ። በልብህ ያሰብካትን እግዚአብሔር ይስጥህ። ቤትህ ይሙላ፤ ወልደህ ለመሳም ያብቃህ።»

በር ላይ ያሉት፣ ያላወቁት፣ አሜን አሉ። ሶፋው አጠገብ ያሉት ዘመዶች ግን ነገሩ ገብቷቸው ምላሳቸው ታሰረ። አንዲት አክስት ለጎረቤታቸው፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሲሉ አንሾካሾኩ። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ከሙሽራዋ ጀርባ አንድ ድምፅ ዘግይቶ፣ ብቻውን፣ «አሜን» አለ። የብርቱካን ድምፅ ነበር።

አቶ ተክለማርያም የልጃቸውን ድምፅ አላጡትም። እጃቸው አምሐ ራስ ላይ ቆመ።

«ማነው ይሄ?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ በዚህ ጊዜ ስም አልነገሯቸውም፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አምሐ ቀስ ብሎ ቢነሣ፣ ሚዜው ገፍቶ ቢገባ፣ ነገሩ እንደዋዛ ያልፍ ነበር። ምርቃቱን እንደያዘ መሄድ ይችላል። ቀና ሲል ግን የሰውየውን የነጣ ዓይን አየ፤ ማየት በተሳነው ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ልቡ እምቢ አለው። ካሜራውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«አምሐ ነኝ፣ አባቴ» አለ። «ፎቶ አንሺው። እርስዎ ቤት ውስጥ ያለሁት።»

 የቀበሌው ሊቀመንበር ከመስኮቱ ማዶ ድንኳን ውስጥ አጥንት ይግጣል። እንዲህ ያለ ቃል ጮክ ተብሎ አይነገርም ነበር፤ ቤቱ የሕዝብ ነው።

«የማን ቤት አልክ?» አሉ አቶ ተክለማርያም፣ በዝግታ።

«የእርስዎ።»

ሽማግሌው ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ጉንጫቸው ተንቀጠቀጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ቤት በእሳቸው ስም የጠራላቸው ሰው አልነበረም፤ የወለዷቸው ልጆች እንኳ አፋቸው ለምዶ የቀበሌ ቤት ነው የሚሉት። ጎንበስ ብለው፣ ከአምሐና አጠገባቸው ካሉት በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ጠየቁት።

«በጓሮ በኩል ያለው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል?»

«አያፈስም። አምና ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን ለወጥኩት። እርስዎ ያቆሟቸውን ምሰሶዎች ግን አልነካኋቸውም፤ ጽድ ናቸው፣ ምንም አልሆኑም።»

«ጽድ ናቸው» አሉ አቶ ተክለማርያም። «እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። አንድ በአንድ።»

እጃቸውን ከአምሐ ራስ ላይ አላነሡም። ዘመነች በነጭ ጓንቷ የብርቱካንን ክንድ ጨብጣለች።

«ሚዜው መስለኸኝ ነው የመረቅሁህ» አሉት በመጨረሻ። «ዓይኔ ደክሟል፤ እንግዲህ ምን ይደበቃል። ባውቅህ ኖሮ አልመርቅህም ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ። ግን ምርቃት ከአፍ ከወጣ ወዴት ይመለሳል? ያሰብካትን ይስጥህ ብያለሁ። ማንን እንደምታስብ ደግሞ አውቃለሁ።» ከዘራቸውን አስተካከሉ። «ሐሙስ ለሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ። አንተ ረቡዕ ሽማግሌዎችህን ላክ። መኳንንትም ይምጣ፤ ያን ቀን ውሃ እንኳ ሳላቀምሰው ነው የሸኘሁት፣ ሲከነክነኝ ከርሟል።»

አምሐ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ግንባሩን ከዚያ ላይ ማንሣት አቃተው።

ያን ጊዜ ብርቱካን አለቀሰች። ከምሳ ሰዓት ጀምራ የታገለችው እንባ ነው፤ አሁን ለቀቀችው፤ ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የእህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። በር ላይ የነበሩት ሴቶች ነገሩን አልሰሙምና ከበው ያባብሏት ጀመር። አይዞሽ አሏት፤ እህትሽ ሩቅ አልሄደች፣ ሎሚ ሜዳ እኮ ነው የምትገባው፣ በእግርሽ ትደርሺያለሽ። ብርቱካን አዎ፣ አዎ እያለች ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ በዘመነች ትከሻ ላይ አሻግራ ግን የምታየው ምንጣፉ ላይ የተንበረከከውን ልጅ ነበር፤ እሱም ቀና ብሎ እያያት ነበር።